የከተማ ደን ኢንተርንሺፕ ላይ ነኝ፤ ያለ መሣሪያ ዛፍ እንዴት ልለካ?

ጥያቄ (ህሊና)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የደን ሳይንስ ተማሪ ነኝ፣ ኢንተርንሺፕ የወጣሁት አዲስ አበባ አንድ ቢሮ ነው። እስካሁን ፋይል ከማደራጀት ያለፈ ሥራ አልሰጡኝም። አሁን የአንድ መንገድ ዳር ዛፎችን መዝግቢ ተባልኩ። የግንድ ውፍረት መለኪያ (ካሊፐር) የለ፣ የቁመት መለኪያ የለ። ጃካራንዳና ግራቪሊያ ይበዛል፣ አልፎ አልፎ ጽድና ወይራ አለ። አምና የተተከሉት ችግኞች ግን ብዙዎቹ ደርቀዋል። በምን ልለካ? ሪፖርቴስ በምን ላይ ቢሆን ይሻላል?

መልስ (አቤል)፦
እህቴ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃሻል። ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ የግንዱን ዙሪያ ለኪና ለ3.14 አካፍዪ፤ ዙሪያው 94 ሴንቲ ከሆነ ዲያሜትሩ ወደ 30 ሴንቲ ነው። ተዳፋት ላይ ከሆነ 1.3ን ከላይኛው በኩል ቁጠሪ። ከዚያ በታች ለሁለት የተከፈለውን ለየብቻ መዝግቢ። ለቁመቱ ዱላ ፈልጊ። ክንድሽን ዘርግተሽ ቀጥ አድርገሽ ያዢው፣ ከእጅሽ በላይ ያለው ርዝመት ከእጅሽ እስከ ዓይንሽ ካለው ጋር እኩል ይሁን። ከዚያ ዱላውን የያዝሽበት እጅሽ ከዛፉ ሥር፣ የዱላው ጫፍ ከዛፉ ጫፍ ጋር እስኪገጥም ወደ ኋላ ሂጂ። ከቆምሽበት እስከ ግንዱ ያለው ርቀት ቁመቱ ነው፤ ሜዳ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ወደ ኋላ ስትሄጂ መኪና የሚያይልሽ ሰው ይኑር።

መልስ (የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ)፦
ልጄ፣ ሪፖርትሽ የደረቁት ችግኞች ላይ ይሁን። አስፈቅጂና አንዱን ንቀዪው፣ ሥሩን እዪ። ፕላስቲኩ ሳይወልቅ የተተከለ ከሆነ ሥሩ እዚያው ተጠቅልሎ ታገኚዋለሽ። ሌላው የሲሚንቶ ፍርስራሽ ላይ የተተከለ ነው። ክረምቱን ደህና ይከርማል፣ ዝናቡ ሲያቆም የሚያጠጣው ከሌለ ይሄዳል። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ የምንሰማው የተተከለውን ቁጥር ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ስንቱ ጸደቀ የሚለው ነው።

መልስ (ሰናይት)፦
በችግኙ እስማማለሁ፣ ግን ትልልቆቹን አትተያቸው። ኮብልስቶኑ ግንዱ ድረስ የተነጠፈባቸው አሉ፣ ውሃ በየት ይግባ? በመብራት ሽቦ ምክንያት አናታቸው የተቆረጠውንም መዝግቢ፣ ቁስሉ ከበሰበሰ አዲሱ ቅርንጫፍ ደካማ ስለሚሆን በንፋስ ይወድቃል። አገር በቀል የሆነውንና ያልሆነውንም ለዪ፤ ጽድና ወይራ የኛው ናቸው፣ ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ፣ ግራቪሊያ ከአውስትራሊያ የመጡ ናቸው።

ህሊና፦
ተባረኩ! ችግኝ ልንቀል ብዬ ብጠይቅ ግን የሚፈቅዱልኝ አይመስለኝም።

አቤል፦
በቃል አትጠይቂ። አማካሪሽ ደብዳቤ ይጻፍልሽ፣ የምትነቅዪው ሙሉ በሙሉ የደረቀውን ብቻ መሆኑ ይገለጽበት። ከመንቀልሽ በፊትም በኋላም ፎቶ አንሺ።