ኮምፖስቱ ሸተተብኝ፣ የችግኝ ፕላስቲኩም ተከመረ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የጓሮ ጎመን

ሰላም ናችሁ? አዲስ አበባ ለቡ አካባቢ 250 ካሬ ቦታ ተከራይቼ ችግኝና አትክልት እሸጣለሁ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ለበረንዳ የሚሆን አበባም አለኝ። ማዳበሪያ ስለተወደደብኝ ከሰኔ ጀምሮ ሰፈር ካለ ምግብ ቤት በየቀኑ ሁለት ባልዲ ትራፊ እያመጣሁ መከመር ጀመርኩ። እንጀራውም፣ ወጡም፣ ልጣጩም አንድ ላይ ነው። አሁን ነሐሴ ላይ ክምሩ ጠቁሯል፣ ከሥሩ ጥቁር ውሃ ይፈሳል፣ ሽታው ደግሞ ለጎረቤት ተርፏል። እስካሁን ታግሰውኛል፤ አሁን ግን ወረዳ ሊከሱኝ ነው፤ እውነታቸውንም ነው።

ሁለተኛው ጭንቀቴ ፕላስቲክ ነው። ከ3,000 በላይ ያገለገለ የችግኝ ቲዩብ ጥግ ላይ ተከምሯል። ማቃጠል አልፈልግም፣ ልጆቼ እዚያው ነው የሚውሉት። ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ብሰጥም መጨረሻው ያው ክምር ነው። በመጋቢት 2009 ቆሼ ተደርምሶ ከመቶ በላይ ሰው ካለቀ ወዲህ፣ አንድ ኬሻ ቆሻሻ ከግቢዬ ባወጣሁ ቁጥር እነዚያ ሰዎች ይታወሱኛል። የምታውቁትን ንገሩኝ፣ ተባረኩ።

መልስ፦ ጋሽ አፈር

ልጄ፣ በርቺ። ጡረታ እስክወጣ በግብርና ባለሙያነት ነው የሠራሁት፤ ይህን ችግር ብዙ ቦታ አይቼዋለሁ። የሸተተው ኮምፖስት ስለሆነ አይደለም። ደረቅ ነገር የለውም፣ አየርም የለውም። እርጥብ ብቻ ሲከመር ይታፈናል፣ ያኔ መብላላቱ ቀርቶ ይበሰብሳል።

ዛሬውኑ ክምሩን ክፈቺው። ሥጋና ቅባት ያለውን አውጥተሽ ራቅ ያለ ቦታ በጥልቀት ቅበሪ። ከሥር ወፈር ያለ ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር ያህል አንጥፊ። ከዚያ ለአንድ ባልዲ እርጥብ ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ደረቅ እየቀላቀልሽ እንደገና ሥሪው። ደረቅ ያልኩሽ የረገፈ ቅጠል፣ የተቀዳደደ ካርቶን፣ የቡና ገለፈት ነው። ጭድም ይሆናል፣ ግን ለከብት መኖ ስለሚፈለግ ዋጋው አይቀመስም። ቁመቱም ወርዱም ከአንድ ሜትር አይነስ፤ ካነሰ ሙቀት አይይዝም። ላዩን በሸራ ሸፍኚ፣ ጎኑን ክፍት ተዪው። ክረምት ላይ ዋናው ጠላትሽ ዝናቡ ነው።

መሃሉ ላይ ፌሮ ሰክተሽ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ንቀዪው። እጅሽ ላይ መያዝ ካቃተሽ እየሠራ ነው። መሃሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሲደርስና ለቀናት ሲቆይ የአረም ዘርና አብዛኛው የበሽታ ጀርም ይሞታል። ሲቀዘቅዝ አገላብጪው። እርጥበቱን በጭብጥሽ ጨምቀሽ እዪ፦ ሁለት ሦስት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፣ ከፈሰሰ ደረቅ ጨምሪ። የአዲስ አበባ ብርድ ያዘገየዋል፣ ሦስት አራት ወር ጠብቂ።

መልስ፦ የቀበና ልጅ

ጋሼ ላሉት ልጨምር። ወጥ ያለበት ትራፊ ጨውና ዘይት አለው፣ ለችግኝ አይሆንም። እኔ ከምግብ ቤቱ ጋር ተነጋግሬ ሁለት ባልዲ አስቀመጥኩላቸው። በአንዱ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ። በሌላው ፍርፋሪውና ወጡ። ሁለተኛውን ከብት የሚያረባ ሰው ራሱ መጥቶ ይወስደዋል። ወጥ ቤት የሚሠሩትን እናቶች ግን ራስሽ ቆመሽ አሳዪያቸው፣ ለባለቤቱ ብቻ ነግረሽ ብትሄጂ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይቀላቀላል። እኔ ሰላጣና ጎመን በየሳምንቱ እወስድላቸዋለሁ፣ በደስታ ነው የሚለዩልኝ።

ሰጋቱራ ከእንጨት ቤት ታገኛለሽ፣ ግን ቺፑድና ኤምዲኤፍ የሚቆርጡበትን አትውሰጂ፣ ሙጫ አለው። ንጹሁንም ቢሆን በጥቂቱ፤ ሲበዛ መብላላቱን ያጓትተዋል። የባህር ዛፍ ቅጠልም እንደዚያው።

መልስ፦ ሚጥሚጣ

እኔ ከጫት ቤት ገረባ እየሰበሰብኩ ነው የምሠራው። በነጻ ነው፣ በየቀኑ አለ። ለምን አትሞክሪውም?

መልስ፦ ጋሽ አፈር

በገረባው ላይ አልስማማም። ጫት ላይ ጸረ ተባይ በብዛት የሚረጭበት ጊዜ አለ፣ አንቺ ደግሞ ሰው በጥሬው የሚበላው ሰላጣ ነው የምትሸጪው። የምትጠቀሚ ከሆነ ለአበባው ብቻ ይሁን።

መልስ፦ ችግኝ ጣቢያ

እኔ ስለ ፕላስቲኩ ልናገር። ሃያ ዓመት ገደማ ችግኝ ጣቢያ ሠርቻለሁ። ቲዩቡ አንዴ ከተቀደደ አለቀለት። ስለዚህ ጥበቡ ያለው ችግኙ ሲወጣ ነው፦ በምላጭ አትሰንጥቂው፣ ከመትከልሽ በፊት ውሃ አጠጪና ከሥሩ ገፋ አድርገሽ አውጪው። እንዲህ ስታደርጊ ብዙው ለሁለተኛ ዙር ይተርፋል። አፈሩን በደንብ ካጠብሽ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠሽ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ዘፍዝፊው፣ ከዚያ አለቅልቀሽ ፀሐይ ላይ አስጪው። አፈር ሳይታጠብ ከዘፈዘፍሽው በረኪናው ጉልበቱን አፈሩ ላይ ይጨርሳል። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳትቀላቅዪ።

ለደንበኛ የምትሸጪውን ወደ ጠንካራ ማሰሮ ቀይሪውና መያዣ ተቀበዪ፣ ሲመልሱ ገንዘባቸውን ስጪ። የምግብ ጆንያ፣ የዘይት ጀሪካን ተቆርጦ፣ ሃይላንድ፣ ሁሉም ሥር ሥሩ ተበስቶ ይሠራል። የቀለምና የኬሚካል ዕቃ ግን ፈጽሞ። የጸረ ተባይ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ እጣቢው መርጫው ውስጥ ገብቶ፣ ጠርሙሱ ተበስቶ ነው የሚወገደው። ሰው ዘይት እንዳይቀዳበት።

የተቀደደውን ቲዩብ ቁራሌው አይወስድልሽም፣ ቀጭን ነው፣ አፈርም አለው። ጠንካራውን ጀሪካንና የተሰበረ ሳጥን ግን ይገዛል። ቀጭኑን አጥበሽ አድርቀሽ በኬሻ አጠራቅሚ፣ ከሌሎች ችግኝ ሻጮች ጋር ሆናችሁ ብዛት ሲኖረው ምናለሽ ተራ ወስዳችሁ ጠይቁ። ለሁለት ኬሻ የሚያናግርሽ አታገኚም። ፌስታልም ከአሁኑ ተዪው፣ በ2017 የጸደቀው አዋጅ ከልክሎታል፣ እኔ ችግኝ በካርቶን ነው የምሰጠው።

ጠያቂዋ፦ የጓሮ ጎመን (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ክምሩን ከወንድሜ ጋር አንድ ሙሉ ቀን ፈጅተን ሠራነው። ካርቶን ከሱቆች ለመንኩ፣ የቡና ገለፈት በኬሻ ገዛሁ። በአምስተኛው ቀን ፌሮው አቃጠለኝ፣ ሽታውም ጠፍቷል። ጎረቤቴ እትዬ ራሳቸው መጥተው አዩት፣ የድንች ልጣጫቸውን ማምጣት ጀምረዋል። ከቲዩቡ 1,100 ያህል ዳነ።

አሁን የቀረኝ ሁለት ጥያቄ ነው። መድረሱን በምን አውቃለሁ? ደረቅ ቅጠሉንስ ለዓመት ከየት ላምጣ?

መልስ፦ ጋሽ አፈር

ለመጀመሪያው ፌጦ አለልሽ። ኮምፖስቱን ከአፈር ጋር እኩል ቀላቅለሽ በአንድ ጣሳ፣ በሌላ ጣሳ ደግሞ አፈር ብቻ አድርገሽ ሃያ ሃያ ፍሬ ዝሪ። በሳምንት ውስጥ እኩል ከበቀለና ቅጠሉ ካልገረጣ ደርሷል። ከቀነሰ ሌላ ወር ይቆይ፣ አትቸኩዪ፣ ያልበሰለ ኮምፖስት ችግኝ ያቃጥላል።

ቅጠሉ ደግሞ እየመጣልሽ ነው። ኅዳር 12 ሰፈሩ ሁሉ ጠራርጎ ያቃጥላል። በ1911 ከገባው የኅዳር በሽታ ወዲህ የቆየ ልማድ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት በየቤቱ ባዶ ኬሻ አዳይ፣ ደረቁን ቅጠል ይሙሉልሽ፣ ፕላስቲኩ እንዳይገባበት አደራ በያቸው። ደረቅ ቦታ ካስቀመጥሽው ለሚቀጥለው ክረምት ይደርስልሻል።

ጠያቂዋ፦ የጓሮ ጎመን

40 ኬሻ አለኝ። ነገ ከእትዬ ቤት እጀምራለሁ።