ከሰል፣ ኒውክሌር ወይስ ውኃና ነፋስ?

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ በብየዳ ቤቴ መብራቱ ሲጠፋ ኤሌክትሮዱ በእጄ እንዳለ ይቀዘቅዛልና፣ የውጫሌ ድንጋይ ከሰል ለኃይል ማመንጫ ቢውል አይሻልም ትላላችሁ?

መልስ፣ ከደሴ፦ ወንድሜ፣ የአገራችን ከሰል በአብዛኛው እርጥበቱ የበዛ፣ ሙቀቱ ያነሰ ሊግናይት ነው፤ የአመዱም ጉዳት ለገበሬው ይተርፋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ስላለው፣ የእርስዎ ችግር ከምንጩ ይልቅ ከማከፋፈያ መስመሩ ይመስለኛል።

መልስ፣ ከወልድያ፦ የ1977ን ድርቅ ያየ የወሎ ሰው በዝናብ ብቻ እንዲተማመን መምከር ይከብደኛል። ኒውክሌር ዝናብ ሳይጠብቅ ሌት ተቀን ይሠራል፤ ሆኖም ግንባታው ዓመታት ስለሚፈጅ፣ በበጋ ውኃው ሲቀንስ የሚበረታውን ነፋስ እንደ አዳማው ባሉ ማመንጫዎች መጠቀሙን እመርጣለሁ።

ጠያቂው፦ የመስመሩ ነገር እውነት ነው፤ የሰፈራችን ትራንስፎርመር የሚወድቀው ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት ነው።