የጨቅላ ስኳር፦ የጂን ምርመራ ያስፈልጋል ወይስ ቅንጦት ነው?

ጦሳ፦ ትናንት ፒያሳ ሻይ ላይ ያነሳነውን ላምጣው። 6 ወር ሳይሞላው ስኳር የተገኘበት ሕፃን በመንግሥት ወጪ የጂን ምርመራ ይደረግለት? እኔ ይደረግ ባይ ነኝ።

የቦርከና ልጅ፦ ኧረ አቦ! ኢንሱሊኑና የደም ስኳር መለኪያው ወረቀት ሳይሟላ? ስኳር ስኳር ነው፣ መውጋት ነው።

ጦሳ፦ አንድ አይደለም እኮ። ኮምቦልቻ ልብስ ፋብሪካ አይደል የምትሠራው፣ በዚያው ልንገርህ። አንዳንዱ ሕፃን ስህተቱ ራሱ የኢንሱሊን ጂኑ ላይ ነው። ኢንሱሊን ቅርጹን የሚይዘው በ3 ማያያዣ ነው፤ አንዷ ካልገጠመች ፕሮቲኑ ይጣመማል፣ ኢንሱሊን የሚሠራው ሴል ተቆጣጣሪም አያሳልፈውም፣ እዚያው ይከማችና ደህናውን ሳይቀር ይዞ ያስቀረዋል፣ ውሎ አድሮ ሴሉ ይሞታል። ለዚህ መርፌ ግድ ነው። ሌላው ሕፃን ግን ኢንሱሊኑ ተሠርቶ መጋዘን ሞልቷል፣ በሩ ነው አልከፈት ያለው። ስኳር ሲጨምር መዘጋት የነበረበት ፖታሲየም የሚያልፍበት የሴሉ ቀዳዳ በጂን ስህተት ተከፍቶ ስለቀረ ሴሉ ኢንሱሊኑን ልቀቅ የሚለው ምልክት አይደርሰውም። ግሊቤንክላማይድ ቀዳዳውን ይዘጋዋል። አያቶቻችን የሚውጡት ርካሽ ኪኒን! በ2006 በወጣ ጥናት ከ49 እንዲህ ዓይነት ሕሙማን 44ቱ መርፌ አቁመዋል።

እቴ ሐይቅ፦ ነርስ ነኝ። ጨቅላ በቀን ሦስት አራቴ የወጋ ያውቀዋል፣ ቦታ ስትፈልጊ እጅሽ ይንቀጠቀጣል። ወጪ ወጪ የምትሉት ደግሞ፣ እንግሊዝ ያለው ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ከ9 ወር በፊት ስኳር የተገኘባቸውን ልጆች ናሙና ከየአገሩ እየተቀበለ በነፃ ሲመረምር ቆይቷል። የቸገረው ደሙን ቀድቶ የሚልክ ነው።

የቦርከና ልጅ፦ እሺ፣ ከወረኢሉ የመጣች እናት ውጤት እስኪመጣ ምን ትሁን? ኪኒኑስ ስኳሩን ቁልቁል ቢሰደው?

እቴ ሐይቅ፦ እስከዚያ ኢንሱሊኑ ይቀጥላል፣ አብሽር። ኪኒኑም ሐኪም እያየው፣ በትንሽ በትንሹ ነው የሚጀመር።

አዲስ ገቢ፦ ወላሂ ይሄ የዘመድ ጋብቻ ጣጣ ነው። ምርመራው ትዳር ማፍረሻ ይሆናል።

ጦሳ፦ የእነዚህ የሁለቱ ዓይነቶች የጂን ስህተት አብዛኛው ከማንም አልተወረሰም፣ ልጁ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው። እንዲያውም «በአንቺ ዘር ነው» የምትባለዋን እናት ያሳርፋታል።

የቦርከና ልጅ፦ ናሙና የሚልክ አንድ ሰው ይመደብ ካላችሁ እፈርማለሁ። እዚህ ቤተ ሙከራ ይከፈት ካላችሁ ግን አልፈርምም፣ መጀመሪያ የመለኪያው ወረቀት!

ጦሳ፦ ቤተ ሙከራ ያለ ማን ነው? ከላይ አንብበው እስቲ።