«ዝንጀሮ ሰው አይደለም»፦ የትክትክ ክትባት ክርክር

የልጆች እናት፦ «የትክትክ ክትባት እንደማይሠራ በዝንጀሮ ተረጋገጠ» ብሎ አንዱ ለጠፈ። ስንቱ ተቀባብሎታል! ጥናቱን ከፍቶ ያየ ግን የለም። ዝንጀሮ ሰው አይደለም። አለቀ።

ላብ ነኝ፦ እህቴ፣ ሰውዬው ዋሽቷል። ግን በዚህ አትገላገይውም። ጥናቱ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመራማሪዎች ሥራ ነው፣ በ2014 የታተመ። አዲሱን፣ የተጣራውን ክትባት የወሰዱት የዝንጀሮ ግልገሎች የትክትክ ባክቴሪያ ሲሰጣቸው ክፉኛ አልታመሙም። ባክቴሪያው ግን 5 እና 6 ሳምንት ከመተንፈሻቸው አልወጣም። ላልተከተቡት ጓደኞቻቸውም አስተላልፈዋል። ሙሉው ባክቴሪያ ተገድሎ የሚሠራበትን የድሮውን የወሰዱት በ3 ሳምንት ገደማ ጸዱ። ቀድሞ ታመው የዳኑትን ጭራሽ አልያዛቸውም።

ጥያቄ አለኝ፦ ይኸው! ተከትቦም ያስተላልፋል። ታዲያ ምን አደከመን?

የልጆች እናት፦ «ክፉኛ አልታመሙም» የሚለውን ዘለልከው? ሕፃን እንዳይሞት ነዋ የሚከተበው!

ጥያቄ አለኝ፦ ግልገሉ ካልታመመ ልጄም አይታመምም ማለት ነው? ዝንጀሮ ሰው አይደለም ያልሽው አንቺ ነሽ 😂

ዳር ቆሜ፦ በገዛ ጦሯ!

ላብ ነኝ፦ አይጥስ ሰው ናት እንዴ? የድሮው ክትባት ጥንካሬ ለአሥርተ ዓመታት የተለካው በአይጥ ነው። ትከተባለች፣ ቆይቶ ባክቴሪያው አንጎሏ ውስጥ ይወጋል። አዎ፣ አንጎሏ ውስጥ። በሽታው የመተንፈሻ ሆኖ ሳለ! አይጥ እንደ ሰው አትንተከተክም። ያም ሆኖ ውጤቱ እንግሊዝ ውስጥ በልጆች ላይ ከታየው ጋር ተቀራርቧል። ዝንጀሮ ግን ይስላል፣ በአየርም ያስተላልፋል። ያልወደድነውን ሲነግረን ነው «ሰው አይደለም» ያልነው።

የልጆች እናት፦ «ያልወደድነው» ማን ነው? እኔን ከሱ ጋር አትደምረኝ። እንግሊዝ ከ2012 ጀምሮ እርጉዞችን ስትከትብ ሕፃናቱ መጠበቃቸው የታየው በሰው ነው።

ላብ ነኝ፦ በዝንጀሮም ታይቷል። የተከተበች እናት የወለደችው ግልገል ከበሽታው ተጠብቋል። ይሄን ሲሆን ዝንጀሮው ሰው ሆነልሽ?

ለእንስሳት፦ ሽቦ ውስጥ ተዘግተው የሚስሉትን ግልገሎች ማንም አላነሳም። እንግሊዝ፣ ሳውዝሃምፕተን ከተማ ላይ እኮ ፈቃደኛ አዋቂዎች በአፍንጫቸው ባክቴሪያውን ተቀብለው ተጠንተዋል።

ላብ ነኝ፦ እነሱ ሳይታመሙ በአንቲባዮቲክ ጸዱ። የ2 ወር ሕፃን ትንፋሽ ሲቆራረጥ ምን እንደሚሆን ከነሱ አታገኚም።

ለእንስሳት፦ ወንድ ነኝ።

ጥያቄ አለኝ፦ የድሮው ከተሻለ ለምን ቀየሩት?

ላብ ነኝ፦ ትኩሳቱ፣ እብጠቱ፣ ልቅሶው በዛ። ወላጅ ሸሸው።

ጥያቄ አለኝ፦ ሁሌ ጥፋቱ የወላጅ!

የልጆች እናት፦ ጥፋት ያለ ማን ነው? ማንበብ አይገባህም እንዴ?