ኢኮኖማይዘሩ ስንት ዓመት ይቀረዋል?

ጥያቄ (የኮምቦልቻው ጥገና ሠራተኛ)
ሰላም ጀመዓ። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ቦይለር ላይ ነው የምሠራው። በ10 ባር ግፊት እንፋሎት ያመርታል። የኢኮኖማይዘሩ (ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ውሃ በጭሱ ሙቀት ቀድሞ የሚያሞቀው ክፍል) ቱቦ አዲስ እያለ የግድግዳው ውፍረት 3.6 ሚሊ ሜትር ነበር። በ8ኛ ዓመቱ 3.2 ሆነ። አሁን በ12ኛው 2.7 ወጣ። አምራቹ ከ1.8 በታች አይውረድ ይላል። አለቃዬ «ለ20 ዓመት ነው የተሠራው፣ ገና 8 ይቀረዋል» ብሎ ዘግቶታል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ (ጡረተኛው መካኒክ)
አብሽር ልጄ። 20 ዓመቱ የወረቀት ዕድሜ ነው፣ ተወው። በ12 ዓመት 0.9 ተበልቷል፤ በዓመት 0.075 ማለት ነው። የቀረህም 0.9 ስለሆነ ገና 12 ዓመት አለህ። ደስ ይላል አይደል? እስቲ የመጨረሻዎቹን 4 ዓመታት ብቻ ውሰድ። 0.5 ሄዷል፣ በዓመት 0.125። ቀሪው 7 ዓመት ብቻ ሆነ! ሁሌም የከፋውን ነው የምትይዘው። የቀሪው ጊዜ ግማሽ ሳይሞላም ድጋሚ ትለካለህ። እኔ ብሆን በየዓመቱ እለካለሁ።

መልስ (የደሴ ልጅ)
«ክሪፕ» የሚሉትስ? ብረት በሙቀት ብዛት ቀስ እያለ ይለጠጣል ሲሉ ሰምቻለሁ።

መልስ (ኢንጂነሯ)
እሱ የትልልቅ ኃይል ማመንጫዎች ጣጣ ነው። ተራ የካርቦን ብረት በክሪፕ የሚያሰጋው ሙቀቱ ወደ 400 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። የ10 ባር እንፋሎት 184 ገደማ ነው።
ይልቅ ወንድሜ፣ 2.7 አማካዩ ነው ወይስ የቀጭኑ ቦታ? ውሃው ውስጥ ያለ ኦክስጅን ብረትን እኩል አይበላም፤ እየቦረቦረ ነው የሚገባው። የሚጀምረውም ከውሃ መግቢያው ነው። የመጋቢ ውሃው ታንከር ስንት ዲግሪ ነው? ኮምቦልቻ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 94 ገደማ ላይ ይፈላል። 85 ላይ ብታቆዩት አብዛኛው ኦክስጅን ይወጣል።

ጠያቂው
አማካይ ነው ለካ! 6 ቦታ ለክተን አካፍለነው ነበር። መግቢያው ጋ 2.4 የሚል አለ። ታንከሩ 40 ዲግሪ ነው። ማሞቂያው ከተበላሸ 4 ዓመት ሊሆነው ነው...

መልስ (ጡረተኛው መካኒክ)
በል እንግዲህ። እዚያ ቦታ ያኔ 3.2 ከነበረ፣ በ4 ዓመት 0.8 ሄዷል። በዓመት 0.2። የቀረህ 0.6 ነው፤ 3 ዓመት። ማሞቂያውን ቶሎ አሠሩት። የመግቢያውን ቱቦዎችም አሁኑኑ እዘዙ፤ ዕቃ እስኪመጣ የሚፈጀውን ታውቀዋለህ።

ጠያቂው
እሺ ጋሼ። ወረቀቱን ይዤ አለቃዬ ቢሮ ልገባ ነው።