ክርክር፦ የአጎት ሕመም ጋብቻ ያስከለክላል?

የአዘዞዋ፦
እንደምን አመሻችሁ የጎንደር ልጆች። ባለፈው ወር ለታናሽ ወንድሜ ሽማግሌ ልከን ነበር። ልጅቷ ትወደዋለች፤ ቤተሰቦቿም እኛን ያውቁናል። በሁለተኛው ቀጠሮ ግን «የእናታችሁ ወንድም የአእምሮ ሕመምተኛ ነው፣ ይሄ ደግሞ በደም ይወርዳል» ብለው ሽማግሌዎቹን መለሷቸው። በጣም ያንገበገበኝ፣ ሳይኮሎጂ የተማረ ዘመዳቸው «ሳይንሱም የሰው ጠባይ ከባዮሎጂው ነው ይላል» ብሎ መመስከሩ ነው። እውነት ሳይንሱ ለአጥንት ማጣራት ምስክር ይሆናል? ተከራከሩበት።

አራዳ፦
አይዞሽ እህቴ። እኔ ግን በቤተሰቧ አልፈርድም። አባቶች «ዘር ከልጓም ይጠቅሳል» ያሉት በከንቱ አይደለም። ሴት ልጇን የምትድር እናት ብትጠነቀቅ ምን ነውር አለው?

ሲስተር፦
በአእምሮ ሕክምና ክፍል 12 ዓመት ሠርቻለሁ። ሕመሙ ስኪዞፍሬኒያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማውና ጥርጣሬ የሚያበዛው የአእምሮ ሕመም) ከሆነ፣ ከማንኛውም 100 ሰው 1 ያህሉ ይታመማል። አጎቱ የታመመበት ሰው ደግሞ ዕድሉ ከ100 ወደ 4 ይጠጋል። የወንድምሽ ልጆች ከዚያም ያነሰ ነው። ደም ሁሉን የሚወስን ቢሆን ኖሮ፣ ፍጹም ከሚመሳሰሉ መንትዮች አንዱ ሲታመም ሌላውም ባልቀረለት ነበር። የሚታመመው ግን ግማሹ ያህል ነው። በዘር የሚመጣ ነገር የለም አልልም፣ አለ። ሰው የሚያስበውን ያህል ግን አይደለም።

አራዳ፦
ሲስተር፣ ቁጥሩን አከብራለሁ። ለእናት ግን 4ም ብዙ ነው።

የቁስቋም ተማሪ፦
ጋሼ አራዳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስህተቱ ያለው ባዮሎጂንና ዘርን አንድ ማድረጉ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 አሜሪካ ውስጥ ፊኒያስ ጌጅ የሚባል የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ነበር። ፈንጂ በብረት ዘንግ ሲጠቀጥቅ ባሩዱ ፈነዳና ብረቱ በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ሰውዬው ተረፈ፤ ጠባዩ ግን ተለወጠና ወዳጆቹ «ይሄ የምናውቀው ጌጅ አይደለም» አሉ። አእምሮው ስለተጎዳ ጠባዩ ተለወጠ። አጥንቱን ቢቆጥሩት ምን ይገኝበታል?

ሌላም ልጨምር። በሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1944–45 ክረምት፣ በጦርነቱ ረሃብ ጊዜ የተፀነሱት ሲያድጉ በዚሁ በስኪዞፍሬኒያ የመያዝ ዕድላቸው እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ይሄም ባዮሎጂ ነው፤ ምንጩ ግን ረሃብ ነው። የእኛንም ደጋ እንይ። ዝናብ የአፈሩን አዮዲን አጥቦ ይወስዳል። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ሲያጥራት የልጇ አእምሮ ይጎዳል። በአያቴ መንደር እንቅርት የበዛበትን ቤት «ዘሩ ነው» እያሉ ሲሸሹት ኖረዋል። የጎደለው ጨው ውስጥ የሚገባ ቅንጣት አዮዲን ነበር! ጨዋችን አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው ገና እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

አራዳ፦
የእንቅርቱን ነገር በዚህ መልክ አስቤው አላውቅም። የእኔም እናት እንቅርት ነበረባት።

የአዘዞዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ አጎቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጠበልም ተጠምቋል፣ ኪኒኑንም ይውጣል። ካመመው ወዲህ ማንንም ነክቶ አያውቅም። የልጅቷ ዘመዶች ቤታችን የመጡ ዕለት ቡና ቀርቦለት ስኒውን ሲያነሳ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ረከቦቱ ላይ ሊመልሰው ሲል ተንኳኳና ቡናው ፈሰሰ። ሁሉም ዝም አለ። ነገሩ የተበላሸው ያኔ ይመስለኛል። ሕመሙን በዓይናቸው ያዩ መሰላቸው።

ሲስተር፦
ቆይ እህቴ፣ መንቀጥቀጡ የጀመረው መቼ ነው? ኪኒኑን ከጀመረ በኋላ ነው?

የአዘዞዋ፦
አዎ። በፊት እንዲያውም ልብስ ሰፊ ነበር፣ መርፌ በጨለማ ይሰካል።

ሲስተር፦
እንግዲያው ያዩት ሕመሙን ላይሆን ይችላል። እነዚህ መድኃኒቶች ዶፓሚን የሚባለውን የአእምሮ ኬሚካል ሥራ ይገታሉ። የሚሰማውን ድምፅና ጥርጣሬውን የሚያረግቡት በዚህ ነው። እንቅስቃሴን የሚያስተካክለውም ዶፓሚን ስለሆነ ግን እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይገተራል። መጠኑ ሊቀነስ ወይም መድኃኒቱ ሊቀየር ይችላል። በራሳችሁ እንዳታቋርጡበት አደራ፤ ሐኪሙ ዘንድ ይዘሽው ሂጂ።

አራዳ፦
እህቴ፣ ያቺ ስኒ እኔንም ታስፈርደኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ድጋሚ የሚሄዱ ከሆነ እኔም አብሬ ልሂድ።

የአዘዞዋ፦
ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት ይዤው እሄዳለሁ። ስለ ሽማግሌው ወንድሜን ልጠይቀውና እነግርዎታለሁ፣ ጋሼ።