የእህቴ ቅልጥም እና የግማሽ ማራቶኑ ወረቀት

ባለባጃጁ (ደሴ)፦
ሰላም ወገኖቼ። ታናሽ እህቴ 17 ዓመቷ ነው፣ 11ኛ ክፍል ናት። ሩጫ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ። የሱብሂ አዛን ሲል፣ እናቴ ለሶላት ስትነሳ፣ እሷ ጫማዋን አስራ በር ላይ ናት፤ እኔ በባጃጄ መብራት እያበራሁላት ከኋላ እከተላታለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት በሩጫ ወርዳ ኮምቦልቻ ትገባለች፣ በሚኒባስ ትመለሳለች።

ሁለት ነገር ጨንቆኛል። ግራ ቅልጥሟ ላይ ጣት የምታህል ቦታ አለች፤ እዚያች ላይ ስነካት ትጮሃለች። ድሮ ከሩጫ በኋላ ብቻ ነበር፣ አሁን ደረጃ ስትወጣም ያማታል። ሌላው፣ «የማናጀር ሰው ነኝ» ያለ ሰውዬ ግማሽ ማራቶን ትሩጥልን፣ ወረቀት ትፈርም፣ ትምህርቱ ይደርሳል ይለናል። ልቧ ሸፍቷል። አባታችን የለም፤ የምትሰማው እኔን ነው። ምን ልበላት?

የድሮ ሯጭ (ኮምቦልቻ)፦
ወንድሜ፣ «ጣት የምታህል ቦታ» ስትል ደነገጥኩ። የኔም በ18 ዓመቴ እንደዚያ ነው የጀመረው። ጡንቻ ነው፣ ይለቃል ተባልኩና ሦስት ሳምንት ሮጥኩበት። የክለብ ምርጫ አራት ቀን ሲቀረው አጥንቱ ተሰነጠቀ። ጡንቻ ሲሆን ህመሙ ቅልጥሙን ተከትሎ ይዘረጋል፤ አንድ ነጥብ ላይ ሲቆም ግን አጥንቱን ጠርጥር። ከዛሬ ጀምሮ አትሩጥ። ሐኪም ይያት፤ ራጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም ላያሳይ ስለሚችል፣ ነጻ ነሽ ቢሏትም ህመሙ ካለ ተመልሳችሁ ሂዱ። እናትህ ደግሞ የወር አበባዋ በወጉ ይመጣ እንደሆነ ይጠይቋት። ከቀረባት ለሐኪሙ ይነገር፤ ብዙ ጊዜ የምትበላው ለሩጫዋ አልበቃም ማለት ነው፣ አጥንትም የሚሳሳው ያኔ ነው።

ስትድን ሐረጎን በመኪና አውርዳት። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1850 ገደማ፤ ለፍጥነት ልምምድ የኛ አየር ይሻላል። ያንን ሁሉ አስፋልት ቁልቁል መውረድ ግን እግር ይፈጃል።

የስፖርት መምህር (ደሴ)፦
ስለ ወረቀቱ ልናገር። 18 ያልሞላት ልጅ ብቻዋን ፈርማ አትዋዋልም፤ ሰውዬው እናትህ ፊት ቀርቦ ያስረዳ። በሷ ዕድሜ ሩጫው አጭር የሆነው በምክንያት ነው፤ በዓለም አገር አቋራጭ ከ20 ዓመት በታች ሴቶች የሚሮጡት 6 ኪሎ ሜትር ነው። ቀነኒሳ እ.ኤ.አ. በ2001 ቤልጂየም ኦስተንድ ላይ በዚሁ ውድድር የወጣቶቹን አሸንፎ፣ የመጀመሪያ ማራቶኑን ፓሪስ ላይ የሮጠው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። መሙን ጠግቦ ነው ወደ ጎዳና የወጣው። ልጅቷ ትምህርቷን ትጨርስ፤ ሩጫውም አብሮ ይሄዳል፣ እኔ ተማሪዎቼ ላይ አይቼዋለሁ።

ባለባጃጁ (ደሴ)፦
አላህ ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋትም ተነስታ ነበር፤ ጫማዋን ባጃጁ ውስጥ ቆልፌበት አደርኩ። በሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ እናቴ «አብሽሪ ልጄ» እያለች በሶ በጠበጠችላት። ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ሰውዬውን ወረቀቱን ይዘህ ቤት ና ብዬዋለሁ፣ እስካሁን አልመጣም። የድሮ ሯጭ፣ አንተ ስንት ሳምንት ነው ያረፍከው? ይህን እሷ ናት ጠይቅልኝ ያለችው።

የድሮ ሯጭ (ኮምቦልቻ)፦
ስምንት ሳምንት። ከዚያ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ሳር ላይ። የሷን ሐኪሟ ይወስን። ስትጀምር ወደኛ አምጣት፣ አብሬያት እሮጣለሁ።